መላ የሌለው ጭራቅ

ጣሀ ኮምቦልቻ ውስጥ በያጅ ነው። ሳምንቱን የሰው በርና የሰው አጥር ሲበይድ ይከርምና እሁድ ከሰዓት ሚኒባስ ተሳፍሮ ሽቅብ ደሴ ይመጣል። ፒያሳ ከረውዳ ፎቶ ኮፒ ቤት ጓዳ ተቀምጦ ጭራቅ ያረባል። ማርባት ነው ያልኩት፤ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ጨዋታው የምናብ ነው። አንዱ ይተርካል፣ ሌሎቻችን ጀግና እንሆናለን፣ ዳይስ የሚሉት ባለ ነጥብ ጠጠር ይወረወራል፣ ጀግናው ይተርፋል ወይም ይበላል። ተራኪው ጣሀ ነው።

የጨዋታው መመሪያ የፈረንጅ ነው፤ ጭራቆቹም የፈረንጅ። በረዶ ላይ የሚኖሩ፣ ጺማቸው የተጎነጎነ። ስልክ ጠጋኙ ጸጋው አንድ እሁድ፣ «እነዚህ ቆላ ሐርቡ ቢወርዱ ጀግና አያስፈልግም፤ ወባ ትጨርሳቸዋለች» አለ። በዚያው የወሎን ጭራቆች የያዘ ተጨማሪ መጽሐፍ ልናዘጋጅ ተስማማን። የምታትመው ረውዳ ናት፤ ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለውን ሁላችንም እንጨቃጨቅበታለን።

ጣሀ አንድ ሕግ አወጣ። «መላ የሌለው ጭራቅ አይገባም። ጀግናው የሚያደርገው ነገር ከሌለ ጨዋታ ሳይሆን ለቅሶ ነው።»

ጅቡ ገባ። መላው ቁርበት ነው፤ ካነጠፉለት ጦርነቱን ትቶ ምንጣፉን ይበላል። ዘንዶው ከየአገሩ የተዋሰው ብዙ ነው ተብሎ ቢታማም ገባ። ስለ ጂኒ እኔ ከሰኞ ገበያ የምሸምታቸውን ቀጫጭን መጻሕፍት ጠቀስኩ፤ አንዱ ደራሲ የዋሸውን ሌላው እየቀዳ የሚያሳትማቸውን። ረውዳ ግን፣ «ስማቸውን ከጻፋችሁ ወላሂ አላትምም» አለችና «እነዚያ» ተብለው ገቡ። ቢስሚላህ ሲባል ይሸሻሉ፤ መላ አላቸው።

ከዚያ ጸጋው፣ «ቡዳስ?» አለ።

«አይገባም» አለ ጣሀ።

«ቡዳ የሌለበት የወሎ መጽሐፍ ምን ሊባል ነው? ጨው የሌለው ወጥ።»

«አይገባም አልኩህ።»

«ምንጣፍ የሚበላ ጅብ አስገብተህ ቡዳን ትከለክላለህ? ዘመድህ ነው እንዴ?»

ሳቅን። ጣሀ አልሳቀም። ያኔ ነው እኔም ሰውየውን መመርመር የጀመርኩት። ማሻአላህ ያበዛል፤ ሰው ለልጅና ለላም ይላል፣ እሱ ለዳይስ ሳይቀር ይላል። ሲበላ ወደ ግድግዳው ይዞራል። እኛ ስንበላ ደግሞ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ይተክላል። የሐርቡ ልጅ ነኝ ይላል፣ የአባቱን ሥራ የጠየቀው ሰው ግን መልስ አግኝቶ አያውቅም። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ ለረውዳ ሽማግሌ ልኳል። መልሱ ያለው ሐርቡ ካሉት አጎቷ ዘንድ ነው፤ እሳቸውም እንደ ብዙ አጎት «እናስብበት» ብለው ዝም ብለዋል። እንግዲህ ሰው የሚጠረጠረው እንዲህ ሲሆን ካልሆነ መቼ ነው?

ጸጋው እስክሪብቶ አነሳ። «እኔ እጽፈዋለሁ። ቡዳ። ቀን ቀን ብረት ይቀጠቅጣል፣ ማታ ጅብ ሆኖ ይወጣል። ዓይኑ ያረፈበትን ይበላል።»

«መልኩንስ?» አለ ጣሀ በዝግታ።

«መልኩን አላውቅ።»

«እኔ ልንገርህ፣ ጻፍ። ሰማያዊ ቱታ ይለብሳል። እጁን ፍንጣሪ አቃጥሎታል። እሁድ እሁድ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ይመጣል። አባቱ ሐርቡ ቀጥቃጭ ነበር፤ ያገሩን ማረሻና ማጭድ የሠራው እሱ ነው። የሱቅህንም በር የበየደልህ ይኸው ልጁ ነው።»

የጸጋው እጅ ወረቀቱን ትቶ ፊቱ ያለውን ሳምቡሳ ሸፈነ። ያዘዘው የለም፤ እጁ በራሱ ነው የሄደው። ከአንድ ዓመት በላይ ቡዳ በበየደው በር ውስጥ ተቆልፎ ሲያድር ምንም አልሆነም፤ ለሳምቡሳው ግን ሰጋ። የእኛ አገር ጥርጣሬ እንዲህ ነው። መዶሻ የያዘውን ቡዳ ይለዋል፤ ልጁ መዶሻውን ጥሎ ኤሌክትሪክ ሲይዝ «ባለሙያው» ብሎ ወንበር ይስብለታል። እርግማኑ ቆጣሪ ሲገባለት ይለቃል ማለት ነው።

ረውዳ ግን ጠየቀች። «መላውስ?»

«የለውም» አለ ጣሀ። «ጀግናው ምን ያድርግ? አባቴን ይግደል? ለዚህ ነው አይገባም ያልኩት። አንቺም ዛሬ እወቂው። አጎትሽ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃሉ፤ ዝም ያሉት ለዚህ ነው።»

ረውዳ የሳምቡሳውን ሳህን የሸፈነችበትን ወረቀት ገለጠችና ሳህኑን ጣሀ ፊት አስቀመጠችው።

«ብላ። ወደ ግድግዳ ሳትዞር።»

«ረውዳ፣ አጎትሽ እምቢ ይላሉ።»

«አጎቴ ዕድሜ ልካቸውን በአባትህ ማጭድ ያጨዱትን ሲበሉ ኖረዋል። አንድ ቀን ሆዳቸውን አሟቸው አያውቅም። ነገ ሐርቡ ወርጄ እኔው እነግራቸዋለሁ። ልጁን እምቢ ካሉ ማጭዱንም ይመልሱ።»

ጣሀ በላ። እያየን በላ። ሲጨርስ ወደ ጸጋው ዞሮ ሳምቡሳውን አየና፣ «ማሻአላህ፣ ወፍራም ናት» አለው። ጸጋው ሊስቅ ሞከረ። ሳምቡሳውን አልበላውም፣ ለመጣልም አፈረ፤ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞት ወጣ። ወረቀቱ የቡዳው ገጽ ነበር።

መጽሐፉ ያለ ቡዳ ታተመ። ጅቡ አለ፣ ዘንዶው አለ፣ እነዚያም አሉ።

ረውዳ እንዳለችው ሐርቡ ወርዳ ነበር። አጎትየው ያለችውን ሰምተው ብዙ ጊዜ ጢማቸውን አሻሹ አሉ። እኔ የእሳቸውን እሺታ አሁንም አላምነውም፤ ልብ ተለውጦ ነው የሚሉኝን ደግሞ ጭራሽ አላምንም። ለሽማግሌዎቹ የሰጡት መልስ ግን ይህ ነው፦

«ልጅቷን ይውሰድ። አጨዳ ደርሷል፤ ማጭዱን አልመልስም።»