ያልጮኸው ፒን

ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ጋራዦቹ መሀል ባለች ጠባብ ወርክሾፕ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ የሚሠራ ሸበቶ ሰውዬ አለ። ለጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ ሣጥን የተጻፈውን ዲቫይስትሪ፣ የመቆጣጠሪያ ቦርዱ እያንዳንዱ ፒን፣ ማለትም የሽቦ እግር፣ ሥራው የተመደበበትን ፋይል፣ መስመር በመስመር በጣቱ እየተከተለ ያነባል።

«ጋሼ፣ ስክሪኑ በራ እኮ! በቃ ይፈርሙልን፤ ክሊኒኩ እየጠበቀ ነው» አለው ልጅ እግሩ አለቃው።

«ነርሷ ዞር ብትልስ? ስክሪን ይጣራል?»

ስንቱ ባለዲግሪ ነው መብራት ስላየ ብቻ የሚፈርመው! እሱ ግን ስህተቱን አገኘው፤ ሙቀት ሲወርድ የሚጮኸው ማንቂያ ፒን ለስክሪኑም ተሰጥቷል። ለማንቂያው ሌላ ፒን መደበና ፋይሉን እንደገና ጭኖ ሙቀቱን አወረደ። ሣጥኑ ጮኸ።

አለቃው ሊያጠፋው ሲል ሰውዬው እጁን ያዘው።

«ተወው፣ ትንሽ ይጩህ። የኛዋ ልጅ የተኛችበት ሣጥን አልጮኸም።»