ከባሌት የተገለበጠ ነው ያልኩት መዝሙር

ይህንን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፣ ለመጋቢያችንም አልነገርኩም። እኛ ጴንጤዎች የንስሐ አባት የለንም፤ ከጌታ ጋር በቀጥታ ነው የምንጨርሰው። እኔ ግን ከጌታም ጋር አልጨረስኩም። ስጸልይ «በደሌን ሁሉ ይቅር በለኝ» ብዬ በደፈናው አልፈዋለሁ እንጂ ስሙን አልጠራውም። እንግዲህ ዛሬ እናንተ የምታነቡኝ ስሙልኝ። ዋሸሁ። በአንድ ትልቅ ሰው ላይ፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ እያወቅኩ ዋሸሁ።

ጋሽ ታደለ ይባሉ ነበር። እዚህ በስደት አገር፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ የሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል ነጂ ነበሩ። በወጣትነታቸው ግን መንግሥት አዘርባጃን፣ ባኩ ልኳቸው ሙዚቃ ተምረዋል። ይህን በእኛ ቸርች ብዙ ሰው አያውቅም ነበር። እኔም ያወቅኩት መኪናዬ ተበላሽታ፣ እኔ ከምመራው የኳየር ልምምድ በኋላ ወደ ቤቴ፣ ስቶን ማውንቴን፣ ራይድ ሲሰጡኝ ነው። መኪናቸው ውስጥ የማይለወጥ ሲዲ አለ፤ የአንድ የአዘርባጃን ሙዚቃ ደራሲ ሲምፎኒና የባሌት ዳንስ ሙዚቃ።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ጆሮዬን አሳመመኝ። «ኧረ ጋሼ፣ ይሄ ነገር ዝም አይልም እንዴ?» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ።

«ቆይ ሶስና፣ ቶሎ አትፍረጂ። ይሄ ምት የአገሩ ሰው ሰርግ ላይ የሚጨፍርበት ነው። አሁን ቫዮሊኖቹን ስሚ። ምቱን አልለቀቁም፣ ግን እያለቀሱ ነው። የአገሩን ዜማ ሳያበላሽ ትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ አስገባው። ይሄ ድፍረት ነው!»

የአንዱ ባሌት ታሪክ ነጭ ልጃገረድ ስለወደደ አንድ ክልስ ደቡብ አፍሪካዊ አስተማሪ ነው። ባኩ ቲያትር ቤት ሰገነት ላይ ተቀምጠው ሲያዩት እንደ ሕፃን ማልቀሳቸውን ነገሩኝ። «የኛን ሐዘን እዚያ ሆኖ እንዴት አወቀው?» አሉ፤ ቀይ መብራት ላይ ቆመን ነበር፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖም ወዲያው አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ «እኛስ በራሳችን ቅኝት፣ በአንቺ ሆዬ፣ ለጌታ እንዲህ ያለ ነገር ብንሠራለት ምናለ?» አሉ።

ሠሩት። የቸርቻችን ልጆች ትምህርት ቤት ቫዮሊንና ቼሎ ይማራሉ፤ እነሱን አቮንዴል እስቴትስ ቤታቸው ሰብስበው አንድ መዝሙር አስጠኗቸው። ለእኔ ልምምድ እናቶቻቸው እየጎተቱ የሚያመጧቸው ልጆች ለጋሼ ይሮጡ ነበር። መጀመሪያ የተሰማ ዕለት ጉባኤው በሙሉ ተነሥቶ ቆመ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ በየነ እንባቸውን ጠርገው «ጌታ ሰው ላከልን» አሉ።

እኔስ? ስንት ዘመን በአንዲት ኪቦርድ ኳየሩን ስመራ የኖርኩት እኔስ? እኔን ማን ላከኝ? በልቤ ያልኩት ይህንን ነው። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም፤ ቅናት ነው። እኔ ቀናሁ።

ጋሽ በየነ በደርግ ጊዜ ስለ ወንጌል ታስረው ካድሬዎች ውስጥ እግራቸውን ገርፈዋቸዋል። እስከ ዛሬ ሲሄዱ ያነክሳሉ። የት ላይ እንደሚያማቸው አውቅ ነበር፣ እዚያው ነካኋቸው። «ዜማው እኮ ከኮሚኒስቶች የዳንስ ሙዚቃ የተገለበጠ ነው» አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሲጠሩኝ ስልኬን አውጥቼ ከዩቲዩብ ባሌቱን አሳየኋቸው። ከበሮው የሚበዛበትን ቦታ መርጬ። እነሱ ደግሞ ሙዚቃውን መቼ ሰሙት? የዳንሰኞቹን የተራቆተ እግር አይተው አንገታቸውን ደፉ። አለቀ።

ጋሽ ታደለን አስጠሩ። ከሳሹ ማን እንደሆነ አልነገሯቸውም፤ እኔ እዚያ የተቀመጥኩት የኳየር መሪ ስለሆንኩ መሰላቸው። አልተቆጡም፤ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ረጋ ብለው ተናገሩ።

«ወንድሞቼ፣ አንዲት ሐረግ እንኳን ከዚያ አልወሰድኩም። ከሰውዬው የተማርኩት አሠራሩን ነው። ካላመናችሁኝ ይቺውላችሁ ሶስና፤ መኪናዬ ውስጥ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች፣ መዝሙሩንም ታውቃለች። እሷን ጠይቋት። ሶስና ታውቃለች።»

እኔን ምስክር ጠሩ! ከዚያ ሁሉ ሰው እኔን!

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያን ጊዜ መመለስ እችል ነበር። «ተሳስቻለሁ» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ትንሽ አፍር ነበር፣ ያልፍ ነበር። እኔ ግን «እኔ እንጃ ጋሼ… ይመሳሰላል» አልኩ።

ጋሽ ታደለ አዩኝ። ያኔ ገባቸው መሰለኝ። «እሺ» ብለው ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ።

መዝሙሩ ቀረ። ልጆቹ ቫዮሊናቸውን ቸርች ማምጣት ተዉ። ጋሽ ታደለ ጥቂት ጊዜ ኋላ ወንበር ላይ እየተቀመጡ መጡ፤ ሳገኛቸው «ደህና ነሽ ልጄ?» ይሉኛል፣ ሌላ ቃል አይጨምሩም። በኋላ ያም ቀረ። ሲያትል ልጃቸው ጋ ሄደው እዚያው አረፉ ሲባል ሰማን።

እዚህ የመታሰቢያ ጸሎት አደረግንላቸው። ከነዚያ ልጆች አንዷ፣ ሊያ፣ ኮሌጅ ገብታ ነበር፣ ቫዮሊኗን ይዛ መጣች። «አንቲ፣ የጋሼን ሶንግ ፕሌይ እናድርግ? ሁላችንም ሪሜምበር እናደርገዋለን» አለችኝ። ሬሳቸው እንኳን በሌለበት፣ ማንም በማይቃወምበት፣ አንድ ጊዜ እንኳን ላሰማላቸው እችል ነበር። «ፕሮግራሙ ሞልቷል ማሬ» አልኳት። ቫዮሊኗን ሳትከፍተው ወደ መኪናዋ መልሳ ወሰደችው። ይህኛው ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ያኔ ቀንቼ ነው፣ አሁን ግን በማን ልቅና? ፈርቼ ነው። መዝሙሩ ቢሰማ ውሸቴ ይሰማል ብዬ ነው።

ጋሽ በየነ አሁንም አሉ። ወጣቶቹ አዲስ ነገር ባመጡ ቁጥር «እህታችን ሶስና ያኔ ነቅታ ባታተርፈን ኖሮ» ብለው በጉባኤ ፊት ያመሰግኑኛል። እኔም «አሜን» እላለሁ። አሜን! በዚህ አፌ ነው ደግሞ የምዘምረው።

በቀደም ያንን ባሌት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁት። የመዝሙሩ ጥላ እንኳን የለበትም። ይህን ለማወቅ ግን መስማት አያስፈልገኝም ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እሑድ ጋሽ በየነ ፊት እቆማለሁ። የምላቸውም ይህንን ብቻ ነው፦ ጋሽ ታደለ እውነታቸውን ነበር። ሶስና ታውቅ ነበር።