ሳቅ የሚጠብቀው ካሜራ

ለመካነ ሰላም ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ... ትናንት ጠዋት እኔ ሽማግሌው በገዛ ጣቴ አንድ ፎቶ ማንሳቴን በታላቅ ክብር አስታውቃለሁ። እልልታውን በልክ አድርጉት።

የልጄ ልጅ ትርሲት የሠርግ ፎቶ አንሺ ናት። ፊደል ያስቆጠሯት የኔታ ትናንት በደሴ አውቶብስ ተነስተው ገዳም ሊገቡ ነበር። ከገቡ ደግሞ መመለስ የለም። በዕድሜያቸው ፎቶ ተነስተው አያውቁም፤ ስንት ተለምነው «እሺ፣ አንዴ ብቻ» አሉ። የኔታ ድሮ ያስተማሯቸው አራት ቄሶችም ሊሸኟቸው ከወግዲ ድረስ መጥተዋል። ትርሲትም አብራቸው መነሳት አማራት።

መናኸሪያው ጥግ ካሜራዋን ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ አቆመችው።

«ማን ሊጫነው ነው?» አልኳት።

«ማንም። ፊት አይቶ ራሱ ያነሳል። ሁሉም ሲስቁ ብቻ እንዲያነሳ ፕሮግራም አድርጌዋለሁ።»

«አጃኢብ! እኔ ደንቆሮው ሠላሳ ዓመት ፎቶ ቤት ስሠራ ብርሃኑን በዓይኔ፣ ርቀቱን በእርምጃዬ ስለካ ኖርኩ!»

«አባባ፣ ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ።

እስቲ ንገሩኝ... በእኛ አገር ፎቶ ላይ ጥርሱን ያሳየ ቄስ አይታችኋል? አራቱም ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው ቀጥ አሉ። የኔታማ መቋሚያቸውን ጨብጠው ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ካሜራው ይጠብቃል... እነሱም ይጠብቃሉ...

«የኔታ፣ ፈገግ ይበሉ እንጂ!» አለች ትርሲት።

«ምን አይቼ ልጄ?»

የአውቶብሱ ረዳት ከወዲያ «ደሴ! ሞልቷል፣ ልንወጣ ነው!» ይላል። የትርሲት ዓይን እንባ አቀረረ።

ይሄኔ ባለሙያው ተነሳሁ። ክቧን ማዞሪያ ማንዋል ላይ አመጣኋት፤ ሁሉም ነገር በእጅ ማለት ነው። ፀሐይዋን አየሁ፣ ቁጥሯን ሰጠሁ፣ ተጫንኩ።

የወጣውን ፎቶ ካሜራው ጀርባ ላይ ብናየው... ነጠላው ነጭ፣ ጥምጥሙ ነጭ፣ ፊቱም ነጭ! የተረፈው መቋሚያው ብቻ ነው። ለካ ትርሲት ቅዳሜ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ሠርግ ስታነሳ የብርሃኑን ቁጥር ሰማይ ሰቅላ ረስታዋለች። የዘንድሮ ባለሙያ!

የኔታ ቀረብ ብለው አዩት። «ገዳም ሳልደርስ አሳረገኝ እኮ ይሄ ሰውዬ!» አሉና ሳቁ። ቄሶቹም ተከተሉ፤ አንዱማ ጥምጥሙ እስኪፈታ። ካሜራው ግን ዝም። ያን ሁሉ ሲጠብቀው የነበረው ሳቅ ፊቱ ላይ ሲፈነዳ፣ እኔ ወደ እጅ አዙሬዋለሁ... ምን ያድርግ?

ትርሲት እየተጣደፈች ቁጥሩን ሁሉ አስተካከለች። «አሁን ምንም እንዳይነኩ! ጣትዎን ብቻ!» ብላኝ ሮጣ የኔታ ጎን ቆመች። ከሠላሳ ዓመት ሙያዬ የተፈቀደልኝ አንድ ጣት። ተጫንኩ። የኔታ ባርከውን አውቶብሱ ላይ ወጡ።

ፎቶው አምሯል። ቄሶቹና የኔታ መልሰው ተኮሳትረዋል፤ እሷ ብቻ እንባዋን ሳትጠርግ ትስቃለች።

እንግዲህ አንድ ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ... የቅዳሜውን ሠርግ። ቁጥሩን ሰማይ የሰቀልኩት፣ መነጽሬን ቤት ረስቼ በዳበሳ ስነካካ፣ እኔው ነኝ፤ ለትርሲት የነገረ ግን ሁለተኛ አላነሳውም።