ጋን የምናጥብበት ግራዋ ልጄን አስመረቃት

ልጄ አለፈች! የማስተርስ ጥናቷን ዛሬ ወልድያ ላይ አቅርባ አለፈች! ውይ፣ ሰላም እንኳ ሳልላችሁ... እንዴት ዋላችሁ?

ያጠናችው ግራዋን ነው። አዎ፣ እኛ የጠላ ጋን የምናጥብበትን መራራ ቅጠል! በውስጡ የደም ስኳር ሊቀንስ የሚችል ንጥረ ነገር አለ ብላ ጓሮዬን ስትሸመጥጥ ከርማ፣ እኔ ለጋኔ እንኳ አጥቼ ነበር።

ዛሬ አባቴን ይዤ ከመርሳ ወልድያ ሄድኩ። እሳቸው ስኳር አለባቸው፤ በልጅ ልጃቸው ጥናት የኮሩት ኩራት አይወራም።

አንዱ መምህር "ታዲያ የስኳር ሕመምተኛ ይጠጣው ትያለሽ?" አላት።

"ኧረ ገና ነው። የሞከርነው አይጥ ላይ ብቻ ነው" አለች።

ይሄኔ አባቴ ከኋላ ብድግ አሉ። "እንዴ! እኔ ኪኒኔን ትቼ እሱን አይደል እንዴ የምጠጣው?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ክው አልኩ። ልጄም ሁሉንም ትታ ከመድረኩ ወረደች።

"አባባ፣ ዛሬውኑ ኪኒንዎን ካልጀመሩ እኔ ዲግሪውን አልፈልግም!"

"ምነው ልጄ፣ ለአይጥ የሰጠሽውን እኔን ትነሺኛለሽ?" አሉ እየሳቁ።

ተመልሳ አቅርባ እንደጨረሰች በቀጥታ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ስኳራቸው ከፍ ብሏል፤ ሐኪሟ ግን "በጊዜ መጣችሁ፣ ኪኒኑን ይቀጥሉ" አለችን። ዓይናችን እያየ ዋጡ። እልልታዬን የለቀቅኩት ያኔ ነው!

እናንተስ ቤት ቅጠል ይዞ መድኃኒቱን የጣለ የለም? እስቲ አጫውቱኝ።

በሉ፣ ድግሱ መርሳ እኛ ቤት ነው። ቀረሁ የሚል አልሰማም፤ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሁላችሁም ኑ!