ድንች በጎመን

በንጉሡ ዘመን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎባ ከተማ አንድ ጀርመናዊ የከፈተው ምግብ ቤት ጎራ ስንል፣ ካፖርት የለበሱ አንድ ሽማግሌ በሩን እያዩ ብቻቸውን ተቀምጠው እናገኛለን። ሁልጊዜ የሚያዙት በትልቅ ሳህን ድንች በጎመን ነው። ለገባው ሁሉ «እንብላ!» ይላሉ፤ ሰው በየሳህኑ የሚበላበት ቤት ነውና ሁሉም «ይብሉ፣ ይብሉ» እያለ ያልፋል።

አንድ ቀን ጓደኛችን ወዚር፣ «አባባ፣ ሥጋ አይወዱም እንዴ?» አላቸው።

«እወዳለሁ እንጂ! ግን ሥጋ ካዘዝኩ ወይ እስላሙ ወይ ክርስቲያኑ አብሮኝ አይበላም።»

ሳቅን። ወዚር ግን ወንበሩን ጎትቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሽማግሌው ሹካቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን በመሐረብ ጠርገው፣ ትልቁን ድንች አጎረሱት።

ከዚያ በኋላ ሰው ሲገባም ወደ በሩ ቀና ብለው አላዩም።