ለእሷ የምትበቃት ገንዳ

መጋረጃ ሰፊዋ የሰው ሳሎን ስታሳምር የኖረች ሴት ናት። ቤቷ ስትገባ ግን ሳሎኑ የወንድሟ ነው። ወላጆቻቸው ቤቱን የተዉት ለሁለቱም እኩል ነበር። ታላቅ ወንድሟ ሚስቱ ስትሞት ዕቃውን ጭኖ መጣ፤ እሷም አዘነችለትና ሰፊውን መኝታ ቤት ለቀቀችለት። የስፌት መኪናዋን ይዛ ከኩሽናው ጀርባ ወዳለችው ክፍል ገባች። ለጊዜው ነው ተባለ። እንግዲህ ያ ጊዜ ዓመታት ወልዷል። ሰውዬው ሐዘኑ ወጥቶለት ሳቁ ጎረቤት ሲሰማ እንኳ፣ እህቴ የት ነው የምታድረው ብሎ ጎራ አላለም።

አንድ ቀን መጋረጃ ልትሰቅል በሄደችበት ቤት አኳሪየም የሚሉትን፣ የባሕር ዓሣ የሚኖርበትን የመስታወት ገንዳ አየች። እንደ አበባ የሚያብበው የባሕር ኮራል ፈክቶ፣ ብርቱካናማ ዓሦች ነጭ መቀነታቸውን ታጥቀው በመካከሉ ይሹለከለካሉ። ሥራዋን ጨርሳም እግሯ አልነቃነቅ አላት። የቤቱ እመቤት ሳይሰስቱ አስረዷት። ጀማሪ ትንሽ ገንዳ ይቀለኛል ብሎ ይሞኛል፤ ውሃው ካነሰ ትንሽ ሲተን ጨዉ ይበረታል፣ ትንሽ ምግብ ሲተርፍ ይበከላል። ሰፊ ውሃ ግን ስህተት ይችላል። ውሃውን የሚያጠራው ድንጋይ መጀመሪያ ገንዳው ውስጥ ሳምንታት መሰንበት አለበት፣ ዓሣው ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ይገባል።

ቤቷ ስትመለስ ሜትሯን ይዛ ሳሎኑን ለካች። ገንዳ ፀሐይ አይስማማውም፤ ፀሐይ የማይመታው ግድግዳ አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ሥር ደግሞ የወንድሟ ረጅም ሶፋ ተጋድሟል፣ ሶፋው ላይ ወንድሟ።

"ወንድም ጋሼ፣ ሶፋህን ወደዚያ ብናዞረው ሦስት መቶ ሊትር የሚይዝ ገንዳ እዚህ ይቆምልኛል።"

"ዓሣ ነባሪ ልታረቢ ነው?" አለ ቀና እንኳ ሳይል። "ለአንቺ ትንሿ ትበቃሻለች።"

ትበቃሻለች። ወደ ኋላዋ ክፍል ስትገባም ያላት ይህችኑ ነበር። ማን ለክቷት ነው የሚበቃትን የሚያውቀው? ደሟ ፈላ፤ ግን እንደ ልማዷ ዋጥ አደረገችው።

በሳምንቱ ከሥራ ስትመለስ ፍሪጁ ላይ አንዲት ሚጢጢ ገንዳ ተቀምጣለች። በዚያው ቀን በተሞላ ውሃ፣ በዚያው ቀን በገባ ድንጋይ ላይ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦችና አንድ መዳፍ የሚያህል ሰማያዊ ዓሣ ታጭቀውባታል። ወንድሟ እጁን አጣምሮ ምስጋናውን ይጠብቃል።

"አስቤልሽ እኮ ነው።"

ብርቱካናማዎቹ ሳምንት አልሞላቸውም፤ ሁለቱም ሞተው ተንሳፈፉ። ሰማያዊው ብቻ ቀረ። አንዴ ጭራውን ሲያወዛውዝ አፍንጫው መስታወቱን ይነካል፤ ይዞራል፣ ደግሞ ይነካል። የሞቱትን በማንኪያ አወጣቻቸው።

"ይሄ ሲዋኝ መዋል ያለበት ፍጡር ነው። ዛሬውኑ ወደ ሱቁ ይመለሳል" አለችው።

"ምን ሆነ? ለምዶታል እኮ። አየሽው፣ ዝም ብሏል።"

"ዝም ያለ ሁሉ የለመደ ይመስልሃል?"

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ እሱ ግን ደነገጠ። እንዲህ ስትናገር ሰምቷት አያውቅም።

"ሶፋህም ከዚያ ግድግዳ ይነሳል" አለች።

"የት ልታደርጊው?"

"እኔ ክፍል።"

"ይሁን፤ እዚያማ ይበቃዋል" አለ።

የሶፋውን አንድ ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እሷ ይዘው ተነሱ። እሱ የኋሊት እየሄደ ክፍሏ ቀድሞ ገባ። ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ጉልበቱ ከአልጋው ተጋጨ፣ ክርኑ ከስፌት መኪናው። ሶፋው በሩ ላይ ተሰንቅሮ ቆመ፤ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ኮሪደር።

"ወደ ግራ አዙሪው!"

"መዞሪያ የለውም።"

ያኔ ነው ዙሪያውን ያየው። አልጋው ከግድግዳ ግድግዳ ነክቷል፤ በላዩ የሰው መጋረጃ ተከምሯል፤ መስኮት የሚባል የለም። ላብ አጠመቀው።

"እዚህ ነው እንዴ የምትተኚው?"

"ለእኔ ትበቃኛለች ብለህ የለ? ሶፋህን ግን አልበቃችውም።"

የያዘችውን ጫፍ ለቀቀችና ሰማያዊውን ዓሣ ልትመልስ ወደ ኩሽና ሄደች።

"ኧረ እንዴት ልውጣ?" አለ ከሶፋው ወዲያ።

"እስክመለስ እዚያው ቆይ" አለችው፣ "ትለምደዋለህ።"