ጎመን የተደበቀበት ጉርሻ

ከጎረቤት የጎመን ሽታ ሲመጣ እስካሁን መስኮት እዘጋለሁ። ልጅ ሳለሁ አቤት ስጠላው! እናቴ ግን ጥብስ መሃል ደብቃ ታጎርሰኝ ነበር። ጉርሻ አይመለስ፣ መትፋት ነውር፤ በጉልበቶቿ መሃል ይዛኛለች፣ መሸሻም የለኝ። ልገላገል ብዬ ሳላላምጥ እውጠዋለሁ። ወዲያው ሁለተኛው ይመጣል።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" ትለኛለች፣ የአባቴን ባዶ ወንበር እያየች። "እዚህ ቤት ያለው ጠብ ይበቃናል።"

ምን ማለቷ እንደሆነ ባይገባኝም አፌን እከፍታለሁ።

ዛሬ፣ እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ፣ ለልጄ ፍርፍር መሃል ካሮት ደብቄ አጎረስኳት። ነቃችብኝ። እንባዋ እየወረደ ዋጠችው፤ ከዚያ ባዶውን የአባቷን ወንበር አየችና አፏን ከፈተች።

"ሁለተኛውንም አጉርሺኝ፣ እማዬ" አለችኝ። "እንዳንጣላ።"